ለግራ እግር የተነገረ ቃል

ገረሱ ኢዶሳ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሬት በእግሩ ሲለካ ኖረና፣ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ሰባት እርምጃ መጨረስ አቃተው።

በማዘጋጃ ቤት የመሬት ቀያሾች ረዳት ነበረ። መሐንዲሱ ከመሣሪያው ኋላ ቆሞ ሲያነጣጥር፣ ዘንጉን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ሰንሰለቱን የሚጎትተው፣ ችካሉን የሚተክለው እርሱ ነበረ። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን «ገረሱ፣ እስቲ ርገጠው» ይሉታል። ገረሱም አፉን ዘግቶ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ይረግጠውና ቁጥሩን ይናገራል። በማግሥቱ በሰንሰለት ሲለካ፣ እርሱ ከተናገረው ከአንድ ክንድ በላይ ተለይቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ በጌጃ ሰፈር ካለው ቤቱ እስከ ልደታ ማርያም በር ዘጠኝ መቶ አርባ እርምጃ መሆኑን ማንም ሳይጠይቀው እግሩ ያውቅ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል በዋለ በማግሥቱ፣ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ግራ ጎኑ ከዳው። ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ በዐሥረኛው ቀን ምርኩዝ ተሰጥቶት ሲወጣ፣ ያስታመመው ድሬሰር በር ድረስ ሸኘው።

«ከእንግዲህ መድኃኒትዎ እንቅስቃሴ ነው፤ አባባ» አለው። «በየቀኑ፣ በቤትዎ ውስጥ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፉ። ከወንበር ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። ተረከዝን ማንሣት። እጅን በግድግዳው ላይ እያንፏቀቁ ወደ ላይ መስደድ። ከዚያ መራመድ ነው። ዛሬ ሠርተው ነገ ከተዉት፣ የዛሬውንም እንዳልሠሩት ይቁጠሩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እኮ የሚሄደው ጫጩት ሆኖ ነው፤ ልጄ» አለ ገረሱ በሚኮላተፍ አንደበቱ። «እኔ ወደ እንቁላሉ እየተመለስሁ ነው።»

ከጌዶ የመጣው ታናሽ ወንድሙ ዋቅሹማ ግን በእንቁላልም በጫጩትም አላመነም። ሦስት ቀን አብሮት ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን ቁርጡን ነገረው።

«ወንድም ጋሼ፣ ውኃ እንኳ ተነሥተህ የማትቀዳ ሰው ነህ። እኔ አገር ቤት ከብት አለኝ፤ ልጆች አሉኝ፤ ትቼ እዚህ አልቀመጥም። ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

«አልሄድም።»

«ምን ይዞህ?»

«ቤቱ።»

ዋቅሹማ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። የቤቱን ነገር ያውቀዋል። «እሺ፤ በእግርህ ከቆምህ ቁም። ወድቀህ የተገኘህ ቀን ግን አልጠይቅህም፤ ተሸክሜህ ነው የምሄደው» ብሎ ተሰናብቶት ሄደ።

የቤቱ ነገር እንዲህ ነው። ገረሱ አምሳሉ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። እናቱ ማናለብሽ በልጅነቱ ስለሞተችበት፣ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው እርሱ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው «ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። ገረሱ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን በሳህን ምግብ አመላለሰ። በሃያኛው ቀን «ተዛውሯል» ተባለ። የት? «ይነገርሃል።» የነገረው የለም። ሞቷል ያለውም የለም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሰላምታውን አሳጠረ፤ ቤቱን የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። ፈርተው እንጂ ጠልተውት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን ፍርሃትም ቢሆን ጥላቻም ቢሆን በሩ የሚውለው ያው እንደ ተዘጋ ነው።

ቤቱ የቀበሌ ነው። ነዋሪው ለቆት የሄደ ቤት ሳምንት ሳይሞላው ለሌላ ይሰጣል። አምሳሉ ከሄደበት ቢመለስ በዚህ ዓለም የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ ያንኑ በር አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው ቢከፍትለትስ? ገረሱ ሌሊትም ቀንም የሚያስበው ይህን ነበር። በእግሩ መቆም የፈለገው ዕድሜ አምሮት አልነበረም።

መፈለግና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ከወንበር ሦስት ጊዜ ተነሣ። በሁለተኛው አምስት። በሦስተኛው ቀን ብርድ ነው ብሎ ተኛ፤ በአራተኛው ትናንት ስላልሠራሁ ዛሬ ብጀምረውም ምን ይፈይዳል አለ፤ በአምስተኛው ምክንያት መፈለጉንም ተወው። ስንፍና እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆኖ እንደሚቀመጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። በሥራ ዘመኑ በየማለዳው የሚያስነሣው የቀያሾቹ መኪና ጡሩምባ ነበር። አሁን የሚጠራው ስለሌለ፣ የሚጠራው ነገር መፈለግ እንዳለበት ዐሰበ።

ያገኘውም ከግድግዳው ወዲያ ነው። በጭቃው ግድግዳ የምትጎራበተው ሙሉመቤት በልደታ ማርያም በር ጧፍና ሻማ የምትሸጥ፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። በየማለዳው፣ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት፣ ምድጃዋ ሥር ተቀምጣ ጭራሮ ትሰባብራለች። ገረሱ የመጀመሪያው ጭራሮ ቀጭ ሲል ከአልጋው ሊነሣ ከራሱ ጋር ተማማለ። ጭራሮው ቀጭ አለ፤ ተነሣ። በማግሥቱም ቀጭ አለ፤ ተነሣ። ቢያመውም፣ ቢበርደውም፣ ተስፋ ቢቆርጥም፣ ጭራሮዋን እስከሰበረች ድረስ ይነሣል። ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ መቃን ድረስ የድሮ የሥራ ገመዱን ዘረጋና፣ ደኅነኛ እጁን በገመዱ ላይ እያሳለፈ ይራመድ ጀመር።

ችግሩ ግራ እግሩ ነበር። ቀኙ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ ግራው መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ በአራተኛው እርምጃ ላይ ግራ እግሩ አልነሣም ብሎ ሲቆም፣ ገረሱ በቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማ።

«በል እንጂ፤ አንተ። ትናንት ችለህ አልነበረም?»

የገዛ ድምፁ መሆኑን ሲያውቅ ደነገጠ። ከስንት ቀን በኋላ መናገሩ እንደ ሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ አላስታወሰውም። እግሩ ግን ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ያነጋግረው ጀመር። በመጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ ግን ቆይተው እንደ ተላመዱት ሰው። «አይዞህ፤ ተደገፈኝ።» «አትቸኩል፤ ማንም አያባርርህም።» መሬቱን እየፋቀ ሲንኳኳበት ደግሞ ይገሥጸዋል፤ «ቀስ! ዝም በል፤ ሰው ይሰማል።» የተራመደለት ቀን «ጎሽ፤ የእኔ ልጅ። አሁን ቁጭ በልና ዕረፍ» ብሎ በደኅነኛ እጁ ጉልበቱን ያሽለታል። ይህን ሲል ልቡ ወዴት እንደሚሄድበት ያውቀው ነበር፤ አልከለከለውም።

በኅዳር ገመዱን ሳይዝ ሰባቱን እርምጃ ጨረሰ። ግራ እጁም ትከሻው ድረስ ወጣ። በዚያው ወር አንድ ያልገባው ነገር ሆነ። እርሱ ከታመመ ጀምሮ ሙሉመቤት አንድ እንጀራ በሽሮ ታቀብለው ነበር፤ በኅዳር ሳህኑ ከበደ። ሁለት እንጀራ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። «ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል፤ ሙሉመቤት?» ቢላት፣ ዐይኗን ወደ ጓዳው በር ልካ መለሰችና «ይበላል፤ አባባ። በሚበላበት ዕድሜ ይበላል» አለች። ሌላ ቀን ሹራብ አመጣችለት፤ ጠባብ፣ የወጣት ሹራብ። ገረሱ ራሱ ላይ ለክቶት እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ሐዘኔታ ዐይን የለውም ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠው።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ ከገመዱ ርቆ በቤቱ መካከል ቆሞ «ና፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጨምርልኝ» እያለ እግሩን ሲለምን፣ በሩ ተበርግዶ ጠመንጃ ገባ። ከጠመንጃው በኋላ የገባው ሳኒ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ወደዚህ ቀበሌ ከተመደበ ዓመት ያልሞላው፣ ሥራው ገና ያልሰለቸው ወጣት።

«እጅ ወደ ላይ!»

ገረሱ ቀኝ እጁን አነሣ።

«ሁለቱንም!»

«ይኼኛው ገና ትከሻዬ ድረስ ነው የደረሰው፤ ልጄ። በሚመጣው ወር ብትመጣ ይደርስልሃል።»

«ታላግጣለህ? ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከእግሬ ጋር።»

«ሽማግሌ፣ በደኅና ቀን ተናገር!»

«እውነቴን ነው። ሐኪም ነው ያዘዘኝ፤ በየቀኑ በቤትህ ውስጥ እንቅስቃሴ አድርግ ብሎ...»

«እንቅስቃሴ?» ሳኒ ጠመንጃውን አስተካክሎ ያዘ። «ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው? ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻውን እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው የለም! አባሎቹን ጥራ! ይኼስ ገመድ ምንድን ነው?»

ከበሩ «ተወው፤ ሳኒ፤ ጠመንጃህን አውርድ» የሚል ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈቃደ ነበር። አምሳሉ በተወሰደ ጊዜም ሊቀ መንበሩ እርሱ ነበር፤ «ተዛውሯል» ያለውም እርሱ ነው። ገብቶ ቆቡን አወለቀና፣ ገረሱ በየማለዳው ዐሥር ጊዜ በሚነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አቶ ገረሱ፣ በማለዳ አስቸገርንዎ። ልጅዎ ተመልሶ እዚህ ቤት ተሸሽጓል የሚል ወሬ ደርሶን ነው።»

ገረሱ የቆመባቸው እግሮች ሁለቱም ደኅነኞች የሆኑ መሰለው። ሰው የሚፈለገው ያለ ሲሆን ነው። የሞተ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚፈልገው የለም። እንግዲያስ አምልጦ ነው፤ እንግዲያስ እነርሱም የት እንዳለ አያውቁም! ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልሰጠውን ተስፋ፣ እነሆ፣ በጠመንጃ አስይዘው አመጡለት።

«አምሳሉን ትፈልጉታላችሁ?» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ጓድ ፈቃደ፣ አምሳሉን እየፈለጋችሁት ነው?»

ፈቃደ ቆቡን በጉልበቱ ላይ ያዞራል።

ሳኒ ግን ሥራውን ይዟል። ፍራሹን ገለበጠ፤ ሳጥኑን ከፈተ፤ ጠባቡን ሹራብ አገኘና «ይኸው! ይኼ የማን ነው?» ብሎ ለሊቀ መንበሩ አሳየ። ፈቃደ ሹራቡን አየው፤ አየውና ዐይኑን ወደ መሬት መለሰ። ያልተፈተሸው ጓዳው ብቻ ነበር።

«ይበቃል፤ ና እንሂድ» አለ ፈቃደ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጓዳውን እኮ ገና አላየሁትም!»

«የለም።»

«ሳናይ እንዴት...»

«የለም አልሁህ!»

ገረሱ ከፈቃደ ፊት ላይ ዐይኑን ሳይነቅል ቆሞ ቀረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራው የተማረው አንድ ነገር ነበር፤ የድንበሩ ድንጋይ የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ ሰው ሰንሰለት አይዘረጋም። እርሻውን ያልረገጠው ይፈልጋል፣ ይለካል፣ ይከራከራል፤ የሚያውቀው ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሳኒ የፈለገው ስለማያውቅ ነው። ፈቃደ ከወንበሩ ያልተነሣው ስለሚያውቅ ነው።

ፈቃደ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ከደጃፉ መለስ አለና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አቶ ገረሱ፣ ከእንግዲህ ሰው ቢጠይቅዎ ‹እንቅስቃሴ› አይበሉ። ስፖርት ነው ይበሉ። ስፖርት ቢሉ ይሻላል» ብሎት ሄደ።

እነርሱ ከመንደሩ እንደ ራቁ ሙሉመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች፤ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በምርኩዙ ያዛት።

«እኔ ነኝ! አባባ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩዎት!»

«ማንም አልተያዘም። ተቀመጪ።»

«‹ዝም በል፤ ሰው ይሰማል› ሲሉ ሰማሁ። ‹የእኔ ልጅ› ሲሉ ሰማሁ። ኮቴው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይራመዳል፤ አንዱ ይጎተታል። አምሳሉ መጥቷል፤ ገርፈውት እግሩን ጎድቶታል ብዬ... ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው ነበር። ትናንት ጧፍ ስሸጥ ደስታዬ አፌን ከፈተው። ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርሁት፤ ልደታን! ለአንዲት ብቻ!»

«ሁለተኛው እንጀራስ?»

«ለእሱ ነበር።»

«ሹራቡም?»

«ብርድ ነው ብዬ።» እንባዋን ጠረገችና ወደ ጓዳው በር አየች። «እውነት የለም? ታዲያ ያ ሁሉ ቃል ለማን ነበር?»

ገረሱ በምርኩዙ ግራ እግሩን አመለከታት። ሙሉመቤት እግሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለእግር ነው እንዲህ ያለ ቃል የሚነገረው?»

«ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሙሉመቤት።»

ወር ሙሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ልጁ ለአንድ ሰው በሕይወት ነበረ፤ ይበላ ነበር፤ ይበርደው ነበር። ገረሱ ሊቆጣት ልቡን ቢፈትሽ ቁጣ አላገኘበትም። ስትወጣ ከኋላዋ ጠራት።

«ከነገ ጀምሮ የአንድ ሰው አድርጊው።»

ሙሉመቤት ይህን ሰምታ በሩን ይዛ ቆመች። ምን ማለቱ እንደ ሆነ የገባት ዘግይቶ ነው። እንዲህ ለተወሰደ ሰው ጮኾ ማልቀስ ክልክል ስለ ነበረ፣ ነጠላዋን ነክሳ ወጣች።

በማግሥቱ፣ ኅዳር ሠላሳ ቀን፣ ከአልጋው አልተነሣም። ጭራሮው ተሰበረ፤ ሰማው፤ ተኛ። ለማን ብሎ ይነሣል? ቤቱን የሚጠብቅለት ሰው ከሌለ ቤቱ ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ለዋቅሹማ ልኮ ውሰደኝ ቢለው ነገሩ ሁሉ በዚያው ያልቃል። እንዲህ እያሰበ ዋለ፤ ማምሻውን ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ ጎኑን ወጋው። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተፈታም። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ስሙ በቤተ ክርስቲያን ከሙታን ጋር አልተጠራም። የከለከለው መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ አባቱም በተስፋው ከልክሎታል።

ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ድሮ ዘጠኝ መቶ አርባ የነበረው መንገድ ዛሬ ከሁለት ሺህ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋበት። አራት ጊዜ ዐረፈ። ቁልቁለቱ ላይ ግራ እግሩ ሲንሸራተት የአጥር እንጨት ያዘ። ሲደርስ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። የንስሐ አባቱን ከዋርካው ሥር አገኛቸውና መስቀል ተሳለመ።

«ገረሱ! በእግርህ መጣህ?»

«ስም ላስጠራ ነው፤ አባቴ።»

«የማን?»

«የአምሳሉን። በክርስትና ስሙ፤ ገብረየሱስ ብለው።»

ቄሱ ግራና ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስከ ዛሬ ከሕያዋን ጋር ነበር የምታስጠራው» አሉት። «አሁንስ?»

ገረሱ ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከሙታን።»

«ማን ነገረህ?»

«የነገረኝ የለም። ሊፈልጉት መጥተው፣ ሳይፈልጉት ሄዱ።»

ቄሱ ትርጉሙን አልጠየቁትም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሯቸዋል። «አርባው የሚቆጠረው ካረፈበት ዕለት ነው» አሉ። «ዕለቱን ታውቃለህ?»

«አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው አለ፤ አይጠየቅም እንጂ።»

«እንግዲያስ አንተ ስሙን ካስጠራህበት እንቆጥራለን። ከዛሬ።» በጣታቸው አንጓዎች ላይ ቆጠሩ። «ጥር ዐሥር። ከተራ ነው፤ ታቦት ይወጣል፤ ዝግጅቱ ከሌሊት ጀምሮ ግርግር ነው። ግርግሩም ደግ ነው፤ የሚያይህ የለም። ገና ሳይነጋጋ ድረስ። ሰው አታስከትል።»

«የማስከትለው የለኝም።»

«ፍትሐቱ ረጅም ነው፤ ቆሞ ነው። ትችላለህ?»

ገረሱ ወደ ግራ እግሩ አየ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ አራት ጊዜ ዐርፎ ደርሷል፤ ገና አርባ ቀን አለው።

«በየቀኑ እሠራለሁ» አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጡ ሰዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ፤ ለሚያይ ሰው ተራ ቡራኬ እንዲመስል ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ለገረሱ ያላለውን ቃል በለሆሳስ አሉት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«አሜን» አለ ገረሱ።

ሕዝቡ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያም ወደ ዳገቱ ዞረ፤ ምርኩዙን አስቀደመ፤ ግራ እግሩን አስከተለ።